ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ወጥቼ የፖሊስ መኪናዬን ሳስነሳ ስልኬ ጮኸ። ለድግስ ምግብ አብስላ የምታቀርበው ጃኔል ነበረች። ትሪዎቿን ልትወስድ፣ ቅዳሜ የደገሰችው ሮዌና ስትራካን ቤት ሄዳ ነው።

«ኖኤል፣ ቶሎ ና» አለችኝ። «ጉድጓዱ ውስጥ ናት።»

የትኛው ጉድጓድ ብዬ አልጠየቅኳትም። ታለር ቤይ ውስጥ ያንን ቤት የማያውቅ የለም። ፊቱን ለባሕሩ የሰጠ፣ አሸዋው ላይ ሊወርድ ትንሽ የቀረው ረጅም የመስታወት ቤት ነው። መሐሉ ላይ ወለሉ በሦስት ደረጃ ዝቅ ይልና ዙሪያውን ሶፋ የተገጠመለት ሌላ ሳሎን ይሆናል። ቤቱን ያሳመረው የሲድኒ ዲዛይነር «የጨዋታ ሳሎን» ብሎ ሰይሞታል። የኛ ሰው «ጉድጓዱ» ይለዋል።

ሮዌና በጎኗ ወድቃለች። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ ጫማዋ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ከራሷ ሥር የፈሰሰው ደም ደርቋል። ወደ ላይ በዋለው ትከሻዋና ዳሌዋ ላይ ነጭ ነገር ቦንኖበታል፤ ዱቄት ይመስላል። በልቤ ለሙት የሚባለውን ጸሎት አልኩላትና ተነሣሁ።

ከጉድጓዱ ወዲያ ማዕዱ እንደተዘረጋ ነው። ከአንድ ግንድ የተሰነጠቀ ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ አራት ወንበር፣ አሥራ አራት ግራጫ ሳህን። ናፕኪኖቹ አልተፈቱም። የባሕር ምግቡ፣ ሽሪምፑ፣ የተደረደረበት በረዶ ቀልጦ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ከቦታቸው የተሳቡት ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጎን ለጎን።

«ማንም አልበላም» አለች ጃኔል ከበሩ ሆና። «ኖኤል፣ አንድም ሰው አልበላም።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ የነገረኝ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ሴትዮዋ የወደቀችው ጀንበር ስትጠልቅ አካባቢ ነው። ስትወድቅ ግን አልሞተችም። ረጅም ጊዜ ተንፍሳለች። አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ ቢሆን ትድን ነበር።

ሰው ደግሞ ነበረ። የዚያ ቤት መብራት ሲመሽ ራሱ ይበራል፣ ለማጥፋት ግን የሰው እጅ ይፈልጋል። ከወሽመጡ ማዶ መትከያው ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ቤቱ እስከ መኝታ ሰዓት ድረስ እንደ መርከብ ሲያበራ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ድርግም ሲል አይተዋል። የባሕሩ በር ከውጭ ተቆልፎ ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ተቀምጧል። የወደቀች ሴት መብራት አታጠፋም።

*

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ቫሲሊዩ ከሲድኒ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ሴት ናት። ቤቱን አብረን ዞርነው።

እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። የመጠጡ መደርደሪያ ከኋላው ይበራል። ግድግዳው ተጣጥፎ ይከፈትና ሳሎኑና በረንዳው አንድ ይሆናሉ። ማድ ቤቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለእንግዳ መታያ፣ ሌላው ከግድግዳው ጀርባ የቆሸሸ ዕቃ መደበቂያ። የእንግዳ መኝታዎቹ አልጋ ላይ ፎጣዎች በሪባን ታስረው ተቀምጠዋል፤ ሪባኑ ላይ አቧራ አለ።

«የሷ መኝታ የትኛው ነው?» አለች ቫሲሊዩ።

ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ለሠራተኛ ተብሎ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘነው። አንድ ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ የሞተው ባሏ ፎቶ። መስኮቱ ባሕሩን አያሳይም።

ቫሲሊዩ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። «እሺ» አለች። «ተጋባዦቹን አምጣልኝ።»

ከኢኒድ ሃጋርቲ ጀመርን። ኢኒድ የመንደሩ አዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ልጅ ሳለሁ ትምህርተ ሃይማኖት ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ አንቱ እላታለሁ።

«ቅዳሜ ድግሱ ላይ ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«ተጋብዘው ነበር እኮ።»

«ያንን ትለዋለህ ግብዣ? ቆይ፣ ካርዱን ላምጣልህ።»

ወፍራም ነጭ ካርድ ነው። ከታች በሚያምር ጽሕፈት «ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ» ይላል።

ቫሲሊዩ አነበበችው። «ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው?»

ኢኒድ በሐዘኔታ አየቻት። «የኔ ልጅ፣ ከተሜ ነሽ መሰለኝ። እዚህ ሰው ሲጠራ ሳህን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ የጋገርኩትን ስኮን፣ ጎረቤቴ ሰላጣዋን፣ ወንደላጤው እንኳ ከሱቅ የተጠበሰ ዶሮ ገዝቶ። ምንም አትያዙ የሚባለው ማነው? የማያውቁት ሰው። ዕድሜዬን ሙሉ በኖርኩበት ባሕር ዳር እኔን እንግዳ አደረገችኝ።»

«ልታስተናግዳችሁ ፈልጋ ቢሆንስ?» አልኳት።

«ይሆናል። መቼ ጠየቅናት?» ኢኒድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሌላው ሁሉ ይሄዳል ብዬ ነው፣ ኖኤል» አለች። «እኔ አንዷ ብቀር ምን ይጎድልባታል ብዬ።»

የቀሩትም ከዚህ ሌላ ነገር አልነገሩንም። የዓሣ ሱቁ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የክሪኬት ጨዋታ አየ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ጸጉሯን ታጠበች። ባልና ሚስቱ ሳይነጋገሩ ራት በሉ። ጀልባ ሠሪ የነበረው ሽማግሌው ክሌም ታክዌል መጋዘኑ ውስጥ እንጨት ሲልግ እንደዋለ ነገረን። ሁሉም ቤቱ ነበር፤ ሁሉም ሌላው የሄደ መስሎት ነበር። ምስክር ያለው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻሉ?» አለችኝ ቫሲሊዩ መኪና ውስጥ።

«አይመስለኝም» አልኳት። «የሚያሳፍር ነገር ነው የነገሩን።»

*

ዲዛይነሩ ሉዶ ብራንዲስ ሳይጠራ ራሱ መጣ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ የተልባ እግር ጨርቅ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው። ቤቱን ስናዞረው ትራሶቹን እያስተካከለ ይሄዳል፤ እጁ አላርፍ አለው።

«ለሰው ነው የሠራሁላት» አለ። «ከበሩ ስትገባ ዓይንህ ሳይሰናከል በአንድ መስመር እስከ ባሕሩ ይሄዳል። ወለሉም ደረጃውም አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቀለም።»

«ደረጃው እንዳይታይ?» አልኩት።

«እንዲፈስ።»

«ይሄስ?» አለች ቫሲሊዩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመውን የእንጨት መደገፊያ ማለቷ ነው። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ለሰው መዳፍ ተብሎ የተጠረበ ነው።

ፊቱን አጨፈገገ። «እሱ የኔ አይደለም። ሳታማክረኝ በዚሁ አገር ሰው አሠራችው። አልነካሁትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አስቢው እስቲ ኢንስፔክተር፤ መደገፊያ እያለላት እንዴት ብላ ትወድቃለች? የገፋት ሰው ቢኖር ነው።»

«አንተስ ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ጠዋት የመጽሔቱን ሰዎች አምጥቼ ቤቱን ፎቶ አስነሣሁ። ከዚያ ወደ ሲድኒ ነዳሁ።»

እሱ እንደሄደ ቫሲሊዩ ከጀርባው ማድ ቤት ጠራችኝ። ዕቃ ማድረቂያው ላይ በእጅ የታጠቡ ሁለት ብርጭቆዎች ተደፍተዋል። ከአጠገባቸው ዳሩ የተሸረፈ፣ ሮዝ አበባ የተሣለበት አንድ ሳህን አለ።

«ከዚያ ሁሉ ግራጫ መሐል ይሄ ምን ይሠራል?» አለች። «ሰውዬው ቢያየው ራሱን ይስታል።»

ሳህኑን ገለበጥኩት። ከሥሩ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «ታክዌል» ተብሎ ተጽፎበታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ሳህን ከሳህን እንዳይምታታ ስም ይለጠፋል። ጽሕፈቱንም አውቀዋለሁ። የክሌም ሚስት የግሌኒስ ነው፤ ከቀበርናት ቆይቷል።

ልናገር ወይስ አልናገር ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ነገርኳት።

*

«ጥንት ያዋስኳት ሳህን ነው» አለ ክሌም።

«የእንቁላል ሳንድዊች ፍርፋሪ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አግኝተናል» አለች ቫሲሊዩ። «ጃኔል እንዲህ ያለ ነገር አላቀረበችም። አቶ ታክዌል፣ ቅዳሜ እዚያ ቤት ነበሩ?»

ክሌም ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው። ከተሳቡት ሁለት ወንበሮች በአንዱ ላይ የጣት አሻራው እንደተገኘ ስትነግረውም ቀና አላለም። ማምሻውን ጣቢያ አሳደረችው።

«እሱ ነው» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። «ነገ ከሰዓት ክስ እመሠርትበታለሁ። የምትለው ካለህ እስከዚያ አምጣ።»

ሻይ ይዤ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልጠየቅኩትም። ሰው ሊናገር ሲዘጋጅ ትንፋሹ ይለወጣል፤ ያንን መጠበቅ ብቻ ነው።

«ሄጄ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እሺ።»

«ቀን ላይ፣ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሰው ሳይመጣ ሰላም ብያት ልወጣ። ማን ይመጣል? እኔ ብቻ ሆንኩ። ሳንድዊቼን ስታይ እንዴት እንደ ሣቀች ብታይ። ያንን ሁሉ ሽሪምፕ ትታ የኔን እንቁላል በላች።»

«ከዚያስ?»

«ብዙ አወራን። ስለ ባሏ፣ ስለ ግሌኒስ። በኋላ ሌሎቹ ቢመጡና ብቻችንን ቢያገኙን ብዬ ፈራሁ። ‹ሰው ሲሰበሰብ እመለሳለሁ› ብያት ወጣሁ። ከማዶ መጋዘኔ በር ላይ ቆሜ መኪና እስኪመጣ ጠበቅኩ። አንድም አልመጣ። እኔም ቀረሁ።»

«ይሄን ለምን ቀድመህ አልተናገርክም፣ ክሌም?»

«ሽማግሌው ሙሽራ ሆነ ሊሉኝ ነዋ። ኢኒድ አፍ ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ አታውቅም?»

«እስር ቤት ይሻልሃል?»

«የእስር ቤቱ ሰው አያውቀኝም።»

ልስቅም ላዝንም ቃጣኝ።

«አልገፋኋትም» አለ። «እንዲያውም ደረጃውን ክንዴን ይዛ ነው የወረደችው። መደገፊያው ስላልነበረ።»

ቀና አልኩ። «የቱ መደገፊያ?»

«እኔ የሠራሁላት ነዋ። ‹ጀንበር ስትዘቀዝቅ ደረጃው አይታየኝም፣ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይሆንብኛል› ብትለኝ ጊዜ ሠርቼ ገጠምኩላት። ቅዳሜ ግን በቦታው የለም። የት ሄደ ስላት፣ ‹ይመለሳል፣ ለፎቶ ነው› አለችኝ።»

ይህን ለቫሲሊዩ ስነግራት ከአቃፊው ፎቶዎቿን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እሑድ ጠዋት የተነሡ ናቸው። በሁሉም ላይ መደገፊያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

«አሁንም ይዋሻል» አለች። «ያውም በማይረባ ነገር።»

እኔ የማየው መደገፊያውን አልነበረም። ፎቶው ላይ የሮዌናን ትከሻ ነበር የማየው።

*

በማግስቱ ማለዳ ቤቱን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ለመሰብሰብ የተሠራ ቦታ ብቻህን ስትቀመጥበት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሠራው ሰው ያውቅ ይሆን አልኩ። ከዚያ ለጃኔል ደወልኩ።

«ቅዳሜ እዚህ ዱቄት ነክተሽ ነበር?»

«የምን ዱቄት? ሁሉን ከቤቴ አብስዬ ነው ያመጣሁት። እዚያ ቤት ዱቄት የለም፣ ኖኤል። ስኳር እንኳ የለም።»

ወደ መደገፊያው እግር ተንበረከክሁ። ብሎኖቹ አዳዲስ ናቸው። ከብረት መርገጫው ሥር ጫፋቸው የሚታይ የድሮ ቀዳዳዎች አሉ፤ ብሎኑን አጥብቆ የሚይዘው ጎማቸው ወልቆ ባዶ ቀርተዋል። አዲሶቹ ከነሱ ፈቀቅ ብለው ድንጋዩ ላይ በችኮላ ተሰርስረዋል። ጣቴን በመርገጫው ዙሪያ አዞርኩና አየሁት። ነጭ የድንጋይ ብናኝ ነው።

የወደቀችው ልክ ከዚያ ሥር ነው። ብናኙ ያረፈው ወደ ላይ በዋለው ጎኗ ላይ ብቻ ነበር። እሑድ ሲያነሧትም ከሥሯ ወለሉ ላይ ብናኝ አልነበረም። እንግዲህ ያ ድንጋይ የተሰረሰረው እሷ ከወደቀች በኋላ ነው።

ቫሲሊዩን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። አንድም ቃል ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ፎቶ አንሺውን ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት። ቁርስ ሳንበላ የቅዳሜው ጠዋት ሥዕል ስልኳ ላይ ደረሰ። ከበሩ እስከ ባሕሩ አንድ ንጹሕ መስመር፤ መደገፊያ የሚባል ነገር የለም። ፎቶ አንሺው አንድ ነገር ጨመረላት፤ እሱና ሉዶ ብራንዲስ ቀኑን ሙሉ በሚቀጥለው ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲጠጡ ውለው የተለያዩት ከመሸ ነው።

*

ሉዶን እዚያው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ፣ ክፍል ይዞ አገኘነው። ሲድኒ የሚባል አገር አልሄደም። ቫሲሊዩ ፎቶውን ፊቱ አደረገችው። ብዙ ሳይቆይ ትከሻው ወደቀ።

«አርብ ነው የፈታሁት» አለ። «ለፎቶው ብቻ። እንግዶቹ ሳይመጡ መልሼ እገጥመዋለሁ ብያት ነበር።»

«ዘገየህ።»

«ስደርስ ቤቱ በርቷል፣ መኪና የለም። ማዕዱ እንዳለ ነው። ከዚያ እታች አየኋት።»

«በሕይወት ነበረች» አለች ቫሲሊዩ።

«አላወቅኩም።»

ቫሲሊዩ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ጠቀስኳት፤ መልሳ ዘጋችው። ጠበቅን። ከታች ሰው ብርጭቆ ሲያጥብ ይሰማል። የሉዶ ትንፋሽ ተለወጠ።

«ዓይኗን ገለጠች» አለ።

«ምን አለችህ?»

«‹ተመለሰ እንዴ?› አለች። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የምትቃዥ መሰለኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«‹እየመጣ ነው› አልኳት። ዝም እንድትል።»

«ከዚያስ?»

እጆቹን አያቸው። «ከዚያ መሰርሰሪያውን ከመኪናዬ አመጣሁ።»

የቀረውን ቫሲሊዩ ቃል በቃል አጻፈችው። ያለ መደገፊያ ሞተች ከተባለ ዕድሜ ልኩን የገነባው ስም ያልቅለታል፤ ደንግጦ ነው፤ ሲጨርስ እስትንፋስ አልነበራትም፤ መብራቱን ማየት ስላልቻለ አጠፋው። መጨረሻ ላይ፣ «ያን ቤት እኮ ለሷ ብዬ ነው የሠራሁት» አለ። ቫሲሊዩ እንዲፈርም ወረቀቱን ገፋችለት።

*

ክሌምን ወደ ቤቱ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጣቢያው በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ወሽመጡን ዞረን መጋዘኑ ፊት ለፊት ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁት፤ እሱ ግን አልወረደም።

«ስትሞት ብቻዋን ነበረች?» አለ።

«አልነበረችም። ብቻዋን ብትሆን ግን ይሻላት ነበር።»

«የተናገረችው ነገር አለ?»

የለም ብል ያምነኛል። ወንበሩ ላይ ተደግፎ መንገዱን እያየ ይጠብቃል። ግን ይህን ሰው በሌላ ውሸት ላጽናናው አልፈለግኩም፤ በልቤ እርዳኝ ብዬ፣ «‹ተመለሰ እንዴ?› ብላ ጠየቀች» አልኩት።

ክሌም አገጩን ደጋግሞ ዳሰሰ። ጎረቤቱ ያለች ሴት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችን፤ እጇን ልታነሣ ብላ ተወችው። እሱም አያት።

«ዛሬ ኢኒድን ታገኛታለህ?» አለኝ።

«ማታ የአዳራሹ ስብሰባ አለ። ሁሉም ይኖራሉ።»

«ሄጄ እንደነበር ንገራቸው።»

«ይስቁብሃል እኮ፣ ክሌም።»

«ይሣቁ።»

ወረደና በሩን ዘጋው። ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ መስኮቱ ላይ አጎነበሰ።

«ክራባት አስሬ ነበር» አለ። «እሱንም ጨምርበት።»